የጋራዥ ግቢ አፈር በአበባ ይጸዳል?

ሰላም_ዘቃሊቲ | ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡20

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። ቃሊቲ የቤተሰብ ግቢ አለን፣ ስፋቱ ወደ 200 ካሬ ይሆናል። ለረጅም ጊዜ ለጋራዥ ተከራይቶ ቆይቶ አሁን ለቀውልናል። ግማሹ አፈር የተቃጠለ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ሲዘንብ ውሃው ወደ ውስጥ አይሰርግም፣ ላዩ ላይ ይፈስሳል። ከኋላ አጥሩ ጥግ ደግሞ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየከፈቱ የሚያራግፉበት ቦታ ነበር።

እናቴ ጎመንና ቆስጣ ልትተክልበት ተዘጋጅታለች። የወንድሜ ልጆችም በመጡ ቁጥር የሚጫወቱት እዚያው ነው። ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ላይ የሱፍ አበባ አፈር ውስጥ ያለ መርዝ ስቦ እንደሚያወጣ፣ የኑክሌር አደጋ የደረሰበት ቼርኖቢል ሳይቀር እንደተሠራበት ሰማሁ። ማሪጎልድና ጄራኒየምም ያንኑ ያደርጋሉ ይላል። ዘንድሮ ግቢውን በሙሉ አበባ ብንተክልበት ለከርሞ ጎመኑን መትከል እንችላለን? የሞከረ ወይም የሚያውቅ ካለ እባካችሁ።

አረንጓዴ_ዲዛይን | ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡05

እህቴ በርቺ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ተክል አፈር ማጽዳቱ የታወቀ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ፍሎሪዳ ውስጥ ተመራማሪዎች ለጌጥ የሚሸጥ ፈርን የሚባል ተራ ተክል አርሴኒክ የሚባለውን መርዝ ከአፈር እየሳበ ቅጠሉ ውስጥ እንደሚያከማች አሳይተዋል። ያገኙት እንጨት እንዳይበሰብስ በኬሚካል ይነከርበት የነበረ ግቢ ውስጥ በቅሎ ነው። ቻይና ውስጥም ማሪጎልድና ሌሎች የጓሮ አበቦች ካድሚየም በሚባል መርዛማ ብረት ላይ ብዙ ተሞክረዋል።

የጌጥ ተክል ከሌላው የሚሻለው ስለማይበላ ነው። የሳበው መርዝ ወደ ሰው ሆድ አይገባም፣ ግቢውም ያምራል። እኔ ብሆን የሱፍ አበባውን ከኋላ፣ ማሪጎልዱን ከፊት፣ የውሃ መውረጃው ላይ ደግሞ ካና እተክል ነበር።

አፈርና_ውሃ | ቅዳሜ፣ ጠዋት 5፡40

የአፈር ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። አረንጓዴ_ዲዛይን የጻፈው ትክክል ነው፤ «ለከርሞ ጎመን» ለሚለው ግን ቶሎ መልስ ያስፈልጋል፦ አይሆንም። እናትሽ ምንም እንዳይተክሉ ዛሬውኑ ንገሪያቸው፤ ልጆቹንም ከባትሪው ጥግ አርቂ።

መጀመሪያ ስለ ቼርኖቢሉ። ታሪኩ እውነት ነው፣ የተሠራው ግን አፈር ላይ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ከአደጋው ቦታ አጠገብ ባለ ትንሽ ኩሬ ላይ የሱፍ አበባ በሚንሳፈፍ መደብ ተተከለ፤ ሥሩ ውሃው ውስጥ ተንጠልጥሎ ሲዚየምና ስትሮንቲየም የሚባሉ ጨረር ያላቸውን ንጥረ ነገሮች ሳበ። ውሃ ውስጥ የሟሟ ነገር ለሥር ቅርብ ነው። አፈር ውስጥ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል፣ በተለይ ጭቃማ አፈር ሲዚየምን አጥብቆ ይይዛል። ከፉኩሺማ አደጋ በኋላ ጃፓኖች ብዙ ተስፋ አድርገው የሱፍ አበባ ዘሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 መስከረም ላይ የግብርና ሚኒስቴራቸው ውጤቱን ሲያወጣ አበባው የወሰደው አፈሩ ውስጥ ከነበረው ሲዚየም ከ2,000 አንዱን እጅ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ወደ ዋናው ሥራ ገቡ፣ የላይኛውን አፈር ልጠው ማንሳት።

አሁን ወደ ግቢሽ። እዚያ ያሉት ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ዘይቱ ካርቦን ነው፤ አፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ሊበሉትና ሊያፈራርሱት ይችላሉ፣ ተክልም በሥሩ ዙሪያ ያረባቸዋል። እዚህ ላይ አበባ በእውነት ይረዳል። የባትሪው ጥግ ግን እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ነው። ንጥረ ነገር ስለሆነ ምንም አይበላውም፣ አይበሰብስም፣ ጊዜም አያጠፋውም። ካልተነሳ ወይም ካልተሸፈነ ለልጅ ልጅ ይቆያል። ተክል ደግሞ እርሳስን የመሳብ አቅሙ በጣም ደካማ ነው። ጥቂቷን ቢስብ እንኳ አብዛኛውን ሥሩ ላይ ያስቀራታል፤ ወደ ግንድና ቅጠል የምትወጣው እጅግ ትንሽ ናት።

መካኒኩ | ቅዳሜ፣ ቀን 7፡15

እኔ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግኩት፣ ስለ ባትሪው ጥግ የማውቀውን ልናገር። ባትሪ ሲከፈት መጀመሪያ አሲዱ ይደፋል፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው መሬት ላይ። ከዚያ ሰሌዳዎቹ ይወጡና ይወቀጣሉ፣ የሚሸጠው እሱ ነው። ሲወቀጥ የሚረግፈው ግራጫና ቡናማ ዱቄት ነው መጥፎው። ደረቅ ሲሆን በነፋስ ይነሳል፣ ጫማና ልብስ ላይ ይዞ ቤት ይገባል። እህቴ፣ ያንን ጥግ በደረቁ በመጥረጊያ እንዳትጠርጊው። ውሃ አርከፍክፈሽ ካልሆነ አትንኪው። የጥቁር ፕላስቲክ ስብርባሪና ስስ የእርሳስ ቁራጭ ከታየሽ ቦታው እሱ ነው። ሌላው ደግሞ አሲዱ በጎርፍ ወዴት እንደወረደ ተከታትለሽ እይ፤ ብዙ ጊዜ ከአጥሩ ሥር ወጥቶ ወደ ጎረቤት ያልፋል።

አወያይ | ቅዳሜ፣ ቀን 8፡00

የቀድሞውን ተከራይ ስም የጠቀሰ አንድ አስተያየት ተነስቷል። ስም ሳይጠራ ስለ ጉዳዩ እንነጋገር።

አረንጓዴ_ዲዛይን | ቅዳሜ፣ ምሽት 1፡10

አፈርና_ውሃ፣ አክብሬህ ነው የምጽፈው፣ «ተክል እርሳስ አይስብም» የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ፈረንሳይ ውስጥ በእርሳስ በተበከለ መሬት ላይ በተደረገ የመስክ ጥናት ሽታ ያላቸው አንዳንድ የጄራኒየም ዓይነቶች በአንድ ኪሎ ደረቅ ቅጠል ከ1,000 ሚሊግራም በላይ እርሳስ ሰብስበዋል። ኢዲቲኤ የሚባለው ኬሚካል አፈሩ ላይ ሲጨመርም ተክሉ ብዙ እጥፍ ይስባል። ሰውን ተስፋ ከማስቆረጥ የሚሻለውን ዝርያ ብናሳይ አይሻልም?

አፈርና_ውሃ | ቅዳሜ፣ ምሽት 3፡30

ወንድሜ፣ የጄራኒየሙን ጥናት አውቀዋለሁ፣ ጥሩ ሥራ ነው። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ የዚህ ነገር ሁሉ ቁልፍ እሱ ነው። ማንም በስልኩ ሊያሰላው ይችላል።

አንድ ካሬ ሜትር መሬት ውሰድ። ሥር በደንብ የሚሠራበት የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር 200 ሊትር አፈር ነው፤ ሲመዘን በግምት 260 ኪሎ። የባትሪው ጥግ አፈር በኪሎ 1,000 ሚሊግራም እርሳስ አለው እንበል፤ ለእንዲህ ዓይነት ቦታ ይህ ያልተጋነነ ቁጥር ነው። በአንድ ካሬ ውስጥ 260 ግራም እርሳስ አለ ማለት ነው። ወደ 200 ሚሊግራም ለማውረድ 208 ግራሙን ማውጣት አለብን።

በጥሩ እንክብካቤ አንድ ካሬ በአንድ ምርት 1 ኪሎ ደረቅ ተክል ይሰጣል ብለን እናስብ። የሱፍ አበባ ወይም ማሪጎልድ በኪሎ 50 ሚሊግራም ቢስብ፣ በአንድ ምርት የሚወጣው 50 ሚሊግራም ነው። 208 ግራም ለማውጣት ከ4,000 በላይ ምርት ያስፈልጋል። በዓመት ሁለት ጊዜ ብታጭድ ከ2,000 ዓመት በላይ። አንተ የጠቀስከው ምርጥ ጄራኒየም 1,000 ሚሊግራም ቢስብ በየምርቱ 1 ግራም ይወጣል፣ 208 ምርት፣ ማለትም 104 ዓመት። ያውም ተክሉ ከዓመት ዓመት እኩል ይስባል ብለን ነው፤ በተግባር ግን መጀመሪያ የሚያልቀው ለመሳብ የሚቀለው እርሳስ ነው፣ የቀረው ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ይከብዳል።

ኢዲቲኤውን በተመለከተ፣ አዎ፣ እርሳሱን ከአፈሩ ያላቅቀዋል። የተላቀቀውን ሁሉ ግን ሥሩ አይጠጣውም። የቀረው በዝናብ ወደ ታች ይሰርጋል። ቃሊቲና አቃቂ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ የሚሰጡ ጥልቅ ጉድጓዶች ያሉበት አካባቢ ነው። ማንም ሰው ግቢው ውስጥ ኢዲቲኤ እንዳይረጭ አጥብቄ እለምናለሁ።

ካድሚየም ላይ ሒሳቡ ይለያል። አፈሩ በኪሎ 3 ሚሊግራም ካድሚየም ቢኖረው በካሬ 780 ሚሊግራም ይሆናል። ማሪጎልድ በኪሎ ደረቅ 20 ሚሊግራም ቢስብ፣ ግማሹን ለማውጣት ወደ 20 ምርት ይበቃል። በዓመት ሁለት ጊዜ ከሆነ አሥር ዓመት። ረጅም ነው፣ ግን ሰው የሚደርስበት ዘመን ነው። ስለዚህ አበባ ለካድሚየም ትዕግሥት ላለው ሰው መሣሪያ ነው፣ ለዘይትም ጥሩ ረዳት ነው፤ እርሳስን ግን አያወጣም።

ሰላም_ዘቃሊቲ | እሑድ፣ ጠዋት 2፡50

በጣም አመሰግናለሁ። እናቴን አስቆሜያታለሁ፤ ቅር ቢላትም የልጆቹን ነገር ስነግራት ገባት። ጥጉን በአሮጌ ሸራ ሸፍኜ ድንጋይ ጭኜበታለሁ። እንግዲህ ከየት ልጀምር? ዘይት የጠጣው ግማሽ ላይስ ምን ልትከል?

አፈርና_ውሃ | እሑድ፣ ቀን 6፡20

ከናሙና ጀምሪ። ግቢውን ለሦስት ክፈይው፦ የባትሪው ጥግ፣ ዘይት የጠጣው፣ ንጹሕ የሚመስለው። ከእያንዳንዱ ክፍል ከተለያየ ቦታ በትንሽ በትንሹ አፈር ወስደሽ በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ቀላቅይና ከድብልቁ ግማሽ ኪሎ ያህል በከረጢት ያዢ። ሦስቱን እንዳትቀላቅያቸው፤ ከተቀላቀሉ መጥፎው በጥሩው ውስጥ ይደበቃል። ልጆች የሚጫወቱበት ላይ የላይኛውን 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ውሰጂ፣ እጃቸው የሚነካው እሱ ነው። ላቦራቶሪ ስትሄጂ «የአፈር ምርመራ» ብቻ ብትያቸው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና የአሲድነት ልክ ሰጥተው ይልኩሻል። «እርሳስና ካድሚየም፣ ጠቅላላ መጠን» ብለሽ በስም ጠይቂ። የጂኦሎጂ ላቦራቶሪዎች ይህን ይሠራሉ።

የባትሪው ጥግ ላይ ውጤቱ እንደፈራነው ከሆነ ሥራው የቁፋሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሰሜን ናይጄሪያ ዛምፋራ ውስጥ ወርቅ ለማውጣት እርሳስ ያለበት ድንጋይ ግቢያቸው ውስጥ ይፈጩ በነበሩ መንደሮች ከ400 በላይ ሕፃናት ሞተዋል። እዚያ አበባ የተከለ የለም። የላዩን አፈር በአካፋ አንስተው፣ በተዘጋጀ ጉድጓድ ቀብረው፣ ንጹሕ አፈር አለበሱት። የአንቺ ጥግ ትንሽ ስለሆነ ከከተማው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጋር ተነጋግረሽ ማስነሳት ይቻላል። እስከዚያው በሲሚንቶ ወይም በኮብልስቶን ይሸፈን። ልጆቹ ብዙ ጊዜ እዚያ ተጫውተው ከሆነ ደማቸው ውስጥ ያለው እርሳስ ቢለካ ደስ ይለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ከተገኘ ምንጩ ተፈልጎ መወገድ አለበት ይላል።

ዘይቱ ላይ ግን በደስታ እመክራለሁ። ድድር ብሎ የጠቆረውን የላይኛውን ንብርብር መጀመሪያ አንሱት፤ ዘር እዚያ አይበቅልም፣ ውሃም አይገባውም። የቀረውን ቆፍራችሁ አላሉት፣ የበሰበሰ ፍግና ገለባ ቀላቅሉበት፣ ትንሽ ዩሪያም ጨምሩ። ተሕዋስያኑ ዘይቱን ሲበሉ ናይትሮጅን ይራባሉ፤ ፍግ ያልተጨመረበት የዘይት አፈር ለዓመታት እንዳለ የሚቀመጠው አንድም ለዚህ ነው። እርጥበቱን ጠብቁ፣ በየጊዜው ገልብጡት፣ አየር ይግባው። ሣር የያዘ ቦታ ቶሎ ይሻሻላል፤ ሥሩ ቀጫጭንና ብዙ ስለሆነ አፈሩን በሙሉ ይዳስሳል።

አበባ ከፈለግሽ ደግሞ ሚራቢሊስ የሚባለው አለ። አመሻሽ ላይ የሚፈካው፣ አንዱ ግንድ ላይ ሮዝም ቢጫም የሚያወጣው፣ ዘሩ ጥቁር የሆነው፤ አሮጌ ግቢዎች ውስጥ አጥር ሥር ብዙ ታይዋለሽ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የቻይና ጥናት በነዳጅ በተበከለ አፈር ላይ ተክሎት በ127 ቀን ውስጥ ከነዳጁ ከ41 እስከ 63 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል። ምንም ያልተተከለበት አፈር በዚያው ጊዜ የቀነሰው ከ20 እስከ 38 በመቶ ነበር። ተክሉ በደንብ የሠራው ነዳጁ በኪሎ አፈር ከ10,000 ሚሊግራም ባልበለጠበት ነው፤ ወፍራሙን አስቀድመሽ አንሺ ያልኩሽም ለዚህ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከድፍድፍ ነዳጅ የሚለየው ከሞተሩ የተፋቀ ብረትም ስላለበት ነው። ስለዚህ ዘይቱ ጠፋ ብለሽ እዚያ ላይ ጎመን አትትከይ፤ በድጋሚ ይመርመር።

ሜሪላንድ_ጓሮ | እሑድ፣ ምሽት 4፡45

ሰላም ከሲልቨር ስፕሪንግ። እኛም ዘንድ ያው ጭንቀት አለ። እዚህ ከ1978 (እ.ኤ.አ.) በፊት የተሠራ ቤት የገዛ ሐበሻ ሁሉ ጓሮው ላይ መጀመሪያ የሚተክለው ጎመንና ቃሪያ ነው፤ ከቤቱ ግድግዳ ሥር ባለው መደብ ላይ። አሮጌው ቀለም እየተላጠ የሚረግፈው ደግሞ እዚያው ነው። ቀለሙ ውስጥ እርሳስ አለ፣ የታገደው በዚያው በ1978 ነው። እኔ ያስመረመርኩት ከግድግዳው ሥር ያለው አፈር ከጓሮው መሃል እጅግ የበለጠ እርሳስ ነበረው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለመኖሪያ ቤት አፈር ይጠቀምበት የነበረውን በኪሎ 400 ሚሊግራም እርሳስ የሚል ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 200 ዝቅ አድርጎታል፣ ለልጆች ሲል።

እኔ ግድግዳው ሥር አበባና ቁጥቋጦ ተክዬበታለሁ። ያጸዳልኛል ብዬ አይደለም። አፈሩ ሁልጊዜ በሥርና በቅጠል ተሸፍኖ አቧራ አያነሳም፣ ልጆችም ገብተው አይቆፍሩትም። ጎመኑን ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት መደብ፣ ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ አንጥፌ፣ የተገዛ ንጹሕ አፈር ሞልቼ ነው የማበቅለው። ለእናትሽም እንዲህ ያለ መደብ ንጹሕ በሚባለው ጎን ቢሠራላቸው ጎመናቸው አይቀርባቸውም። የባቡር ሐዲድ እንጨት ግን አትጠቀሙ፣ ኬሚካል የጠጣ ነው።

የሁለት_ልጆች_እናት | ሰኞ፣ ጠዋት 3፡00

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ጎመኔን ለዓመታት የገዛሁት ከትንሹ አቃቂ ዳር ከሚያመርቱ ሰዎች ነው። አሁን የወንዝ ዳርቻው እየለማ ሰላጣ በነበረበት ቦታ ሣርና አበባ ተተክሏል። ያ አበባ የወንዙን ዳር አፈር ያጸዳዋል? ለበዓል የምንጎዘጉዘው ቄጠማስ ከየት ነው የሚመጣው? እምቦጭም ብረት ይስባል ሲባል ሰምቻለሁ፣ ለምን በዚያ አይጠቀሙም?

አፈርና_ውሃ | ሰኞ፣ ማታ 2፡15

እህቴ፣ ጥያቄዎችሽ ሁሉም ከባድ ናቸው፣ በቻልኩት ልመልስ።

የአቃቂ ዳር አትክልት ብዙ ተጠንቷል። የቆዳ ፋብሪካ፣ የጋራዥ፣ የቀለምና የቤት ፍሳሽ ትንሹ አቃቂን ይዞ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል፤ ገበሬው በዚያው ውሃ ሲያጠጣ ክሮሚየም፣ ካድሚየም፣ እርሳስና ዚንክ አፈሩ ላይ ይከማቻል። ቅጠላ ቅጠል፣ በተለይ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን፣ ካድሚየምን ከቲማቲምና ከዱባ አብልጦ ይስባል። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ መሠረት ቅጠላማ አትክልት በአንድ ኪሎ ከ0.2 ሚሊግራም በላይ ካድሚየም፣ ከ0.3 ሚሊግራም በላይ እርሳስ ሊኖረው አይገባም። በደንብ ማጠብ ላዩ ላይ የተጣበቀውን አፈርና እርሳስ ይቀንሳል፤ ውስጡ የገባውን ካድሚየም ግን አያወጣም።

አበባው ስለተተከለ አፈሩ ይጸዳል? ፍሳሹ እየመጣ እያለ አይጸዳም። በየክረምቱ ወንዙ ሲሞላ አዲስ ደለል ያለብሰዋል። የሚያፈስ ጣራ ሳይደፈን ወለሉን እንደመወልወል ነው። የአበባው ትልቁ ጥቅም በሌላ በኩል ነው፤ ያ መሬት ከእንግዲህ ለሰው ምግብ አያወጣም። እዚያ ላይ ሰላጣ ከሚበቅል ካና ቢበቅል ሺህ ጊዜ እመርጣለሁ። ይህን ስል እዚያ ሲያርሱ ኖረው ቤተሰብ ያስተዳደሩትን ሰዎች ረስቼ አይደለም። ውሃውን የበከሉት እነሱ አይደሉም፣ መሬታቸውን ያጡት ግን እነሱ ናቸው። የአበባ ችግኝ ማፍላቱ ሥራ ለእነሱ ቢሰጥ ፍትሕ ነው ብዬ አምናለሁ፤ መሬቱንም ውሃውንም ከማንም የበለጠ ያውቁታል።

ቄጠማና መሰሎቹ የረግረግ ተክሎች ውሃ ውስጥ ያለ ብረትን ይይዛሉ፣ በተለይ በሥራቸው። ሞጆ ላይ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽን በእንዲህ ዓይነት ሰው ሠራሽ ረግረግ ለማጣራት የተደረጉ የአገራችን ጥናቶች አሉ፣ እኔ ተስፋ የማደርገውም እሱን ነው፤ መርዙ አፈር ላይ ሳይተኛ ውሃው ውስጥ እያለ መያዝ። ለቤት የሚጎዘጎዘውን ግን ሻጩን ከየት እንዳመጣው መጠየቅ ይገባል። ከጋራዥ ሰፈር በታች ከሚወርድ ቦይ የታጨደ ከሆነ ጭቃ የያዘ ሥሩን ቆርጣችሁ ጣሉ፣ አጥባችሁ ጎዝጉዙ፣ የሚድህ ልጅ ካለ ደግሞ ይቅር።

እምቦጭን ግን ማንም እንዳያስበው። ብረት ይስባል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው አበባው ስለሚያምር ለኩሬ ጌጥ ተብሎ ነው። ቆቃን ከ1960ዎቹ ጀምሮ፣ ጣናን ከ2011 ጀምሮ (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ምን እንዳደረጋቸው አይተናል። የወፍ ቆሎ የምንለው ላንታናም ለአጥር ጌጥ መጥቶ ነው የግጦሽ መሬት የወረረው። ለማጽዳት የሚተከል አበባ አገር የለመደው፣ ከተተከለበት የማይዘልቅ መሆን አለበት።

አረንጓዴ_ዲዛይን | ሰኞ፣ ማታ 3፡40

ሒሳቡን ራሴ በስልኬ ሠራሁት፣ ልክ ነህ። አንድ ነገር ልጨምር። ተዳፋት ቦታና የወንዝ ዳር ላይ ቬቲቨር ሣር ከአበባው ጋር ቢሰባጠር ጥሩ ነው። ሥሩ ወደ ታች ሁለትና ሦስት ሜትር ይወርዳል፣ ብረቱን ሥሩ ላይ ያስቀራል፣ አፈሩንም በጎርፍ እንዳይሄድ ይይዘዋል። ለእርሳስ ከመሳብ ይልቅ ባለበት ማሰር የሚሻል ከሆነ ለዚያ ይሆናል። ሌላው፣ ካድሚየም ለመሳብ የተተከለውን ማሪጎልድ ካጨድን በኋላ የት ነው የምናደርሰው?

አፈርና_ውሃ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡50

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ሳይታጨድ እዚያው ደርቆ ከረገፈ የሳበውን መልሶ ለአፈሩ ሰጠ ማለት ነው፣ ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። ለከብት መስጠት አይቻልም፤ ካድሚየም በጉበትና በኩላሊት ይከማቻል፣ ከዚያ ወደ ዱለቱ ይመጣል። ግቢ ውስጥ ማቃጠልም አይቻልም፤ ከፊሉ በጭስ ይወጣል፣ የቀረው አመዱ ላይ ይሰበሰባል። ኮምፖስት ውስጥ አይገባም። ሸራ ላይ ደርቆ መጠኑ ሲቀንስ በወፍራም ከረጢት ታስሮ፣ ምን እንደሆነ ተጽፎበት፣ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ አሳውቆ ማስረከብ ነው።

ጋሽ_ችግኝ | ማክሰኞ፣ ቀን 9፡30

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁን በጽሞና ስከታተል ቆይቻለሁ። የመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ ነኝ፣ ከወንዙ ብዙም አልርቅም። ጽጌረዳ፣ ጄራኒየም፣ ማሪጎልድ፣ ካና፣ የፈረንጅ ጽድ፣ ሁሉንም አፈላለሁ። አፈሩን የምናመጣው ከወንዙ ዳር ነው፤ ጥቁርና ለም ስለሆነ ችግኝ ይወደዋል። የምናጠጣውም ከወንዙ በባልዲ ነው። አበባ ስለሆነ ምንም አይደለም ብዬ ነበር የማስበው። አሁን ሳነበው ግን አሳሰበኝ። ሰው ከእኔ የሚገዛው አበባ ብቻ አይደለም። ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ሮዝመሪ፣ ጠጅ ሣር፣ አንዳንዴም የሎሚና የአቮካዶ ችግኝ ይወስዳል፣ ሁሉም በዚያው አፈር ነው። ይኼስ እንዴት ነው?

አፈርና_ውሃ | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡20

ጋሼ፣ ይህን ስለጻፉልን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ይህን ጉዳይ አንድም ጥናት ላይ ተጽፎ አላነበብኩትም፣ ትልቅ ነገር ነው ያነሱት።

አበባውን በዚያ አፈር ማፍላትዎን ይቀጥሉ፣ ብዙ አያስጨንቅም። ሠራተኞችዎ ግን ጓንት ያድርጉ፣ ሳይታጠቡ ምሳ አይብሉ፤ ከረጢት የሚሞሉት በባዶ እጅ እንደሆነ አውቃለሁ። ጤና አዳሙና በሶብላው ነው የሚያሳስበኝ። ጤና አዳም ቅጠሉ ተቀንጥቦ ቡና ውስጥ ይገባል፣ በሶብላው ወጥ ውስጥ ይገባል። የአቮካዶና የሎሚ ችግኝ ላይ ተክሉ ራሱ ብዙም አይደለም፣ ሥሩ ሰፊ መሬት ውስጥ ይሰራጫል። ከከረጢቱ ጋር የሚሄደው አፈር ግን ንጹሕ የነበረ ግቢ ውስጥ ይገባል፣ ያውም ብዙ ጊዜ ከጎመኑ መደብ አጠገብ ነው የሚተከለው።

ጋሽ_ችግኝ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡05

ጓንቱን ነገ እገዛለሁ። የሚበላውን ሁሉ ለብቻው አደርገዋለሁ እንግዲህ። አፈሩን ከየት ላምጣ? ከሱሉልታ በኩል የሚመጣ ቀይ አፈር በመኪና ይሸጣል፣ ውድ ነው እንጂ። ውሃውንስ?

አፈርና_ውሃ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡30

ከከተማና ከፋብሪካ በላይ ካለ ቦታ የመጣ አፈር ይሻላል፣ ቀይ አፈሩ ጥሩ ነው። ቀይ አፈር አሲድነት ስለሚያበዛ የበሰበሰ ፍግና ትንሽ ኖራ ይቀላቅሉበት፤ ኖራ አሲዱን ሲያበርድ ተክሉ የሚስበው ካድሚየምም ይቀንሳል። ለሚበሉት ችግኞች የቧንቧ ውሃ ወይም በክረምት ከቆርቆሮ ጣራ የሚጠራቀም ውሃ ይጠቀሙ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጣራውን ካጠበው በኋላ። ጤና አዳም ትንሽ ቦታ ነው የሚፈልገው፣ አንድ በርሜል ብዙ ያዳርሳል። አሁን በእጅዎ ያለውን ጤና አዳም ደግሞ አይሽጡት።

ሰላም_ዘቃሊቲ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡10

ጋሽ ችግኝ፣ ሚራቢሊስ ካለዎት ለዘይቱ ግማሽ ልገዛዎት ነበር። የእናቴንም ጤና አዳም ከመንገድ ዳር ነው የገዛነው፤ ከነገው ናሙና ጋር የእሱንም ከረጢት አፈር ይዤ እሄዳለሁ።

ጋሽ_ችግኝ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡25

ልጄ፣ ዘሩን በነጻ እሰጥሻለሁ፣ አጥሬ ሥር ሞልቶ ረግፏል። ሰኔ ሲገባ ዝሪው፣ አሁን ገና ነው። የጤና አዳሙ ውጤት ሲመጣ ንገሪኝ፤ እኔም የእኔን አፈር አስመረምራለሁ።